ባለ አንድ ክር ማሲንቆ ስንት ሙያ ይፈልጋል?

ለዘንድሮው መጽሔታችን የመረጥኩት ርዕስ በሙዚቃ ውስጥ ሙያና ፈጠራ እንዴት እንደሚገናኙ ነው። ሙያ ስል ጣትን፣ ትንፋሽንና ጆሮን የሚያሠለጥነውን ልምምድ ማለቴ ነው። ፈጠራ ስል ደግሞ ሰው ከራሱ አፍልቆ የሚያወጣውን፣ ማንም ያልሰጠውን ነገር ማለቴ ነው። በትምህርት ቤት በዕብራይስጥ ስንማር የመጀመሪያውን «ቴክኒካ»፣ ሁለተኛውን «የጺራ» እንለዋለን።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለልጆቻችሁ ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም። እዚህ ቂርያት ጋት ውስጥ ክላሪኔት፣ ጊታር ወይም ኦርጋን የሚማሩ ልጆች አሉ። ኖታ ያነባሉ፤ መምህሩ «መጀመሪያ ጣትህን አስተካክል፤ ስሜት በኋላ ይመጣል» ይላቸዋል። ሠርግ ላይ የሚሰሙት ማሲንቆ ግን ከተማሩት ጋር አልገጥም ይላቸዋል። ስለዚህ አንዳንዱ ልጅ «የእኛ ሙዚቃ ስሜት ብቻ ነው፤ ቴክኒካ የለውም» ይላል። ከትላልቆች መካከል ደግሞ «ኖታ እያየ የሚጫወት ሰው ልቡ አይዘፍንም» የሚሉ አሉ። እኔ በሁለቱም አልስማማም፤ ከሁለቱ ግን የመጀመሪያው አባባል የበለጠ ያሳስበኛል። ምክንያቱም የእኛ ሙዚቃ ትምህርት አይፈልግም ብሎ ያመነ ልጅ ሊማረው አይሞክርም።

አንድ ክር፣ አራት ጣት

ማሲንቆን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በቆዳ የተለበጠ ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን፣ ረጅም እንጨት፣ ከፈረስ ጭራ የተገመደ አንድ ክር፣ እንደ ቀስት የጎበጠ መምቻ። በመጀመሪያ እይታ ከቫዮሊን በጣም የቀለለ ይመስላል፤ ቫዮሊን አራት ክር አለው።

ነገር ግን ልዩነቱን ቀረብ ብለን እንመልከት። ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ክሩን ሲጫን ጣቱ የሚያርፍበት እንጨት ከሥር አለ። በማሲንቆ ጣቱ ክሩን የሚነካው በአየር ላይ ነው። ከክሩ ሥር ጣቱን የሚቀበለው ነገር የለም። ጠንከር አድርጎ ከገፋው ክሩ ይወጠርና ድምፁ ከፍ ይላል፤ ካላላው ይወርዳል። ስለዚህ ተጫዋቹ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደሚጫንም ማወቅ አለበት። በዚህ ላይ የሚዘፍነውም እሱ ራሱ ነው። አፉ ግጥም ይላል፣ ግራ እጁ ዜማውን ይከተላል፣ ቀኝ እጁ ምቱን ይይዛል፣ ዓይኑ ደግሞ እንግዶቹን ያያል። ይህ ቴክኒካ ካልሆነ ቴክኒካ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ቅኝት አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ባቲና አምባሰል በወሎ የሚገኙ የቦታ ስሞችም ናቸው። ትዝታ በኖታ ሲጻፍ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶልና ላ ነው። ክራር የሚጫወት ሰው ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሄድ ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለበት፤ የሚቃኘው ደግሞ በጆሮው ነው። ዋሽንት ነፊ በበኩሉ ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸው ዋሽንቶች ይይዛል።

አንድ ቀን የማሲንቆ ድምፅ በስልክ ላይ ባለ መቃኛ ለካሁ። መርፌው በሁለት ኖታዎች መካከል እየቆመ አስቸገረኝ። ይህን ለአንድ የሙዚቃ አስተማሪ ሳሳይ «ከቅኝት የወጣ ነው» አለኝ። ነገር ግን ያው ሰው ያንኑ ዜማ ደግሞ ሲጫወት መርፌው በዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚያርፍ ጣት ተሳሳተ አይባልም። መርፌው የተሠራው ለፒያኖ ድምፆች ነው እንጂ ለማሲንቆ አይደለም።

አዝማሪ የሚለው ቃል

እዚህ ላይ ይቅርታ ይደረግልኝና አንድ ከባድ ነገር ላንሳ። ቤት ውስጥ «ማሲንቆ መማር እፈልጋለሁ» የሚል ልጅ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ተብሎ ሊሳቅበት ይችላል። ክላሪኔት እማራለሁ ካለ ግን ይመሰገናል። በኢትዮጵያ አዝማሪ በሠርግና በግብዣ ላይ የማይቀር፣ ነገር ግን የማይከበር ሰው እንደነበረ አንብቤአለሁ፤ ከእናንተም ሰምቻለሁ። ሰው በዘፈኑ ይደሰታል፤ ልጁን ግን አይድርለትም።

ቃሉን ግን እንመልከተው። አዝማሪ የሚለው «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ጋር ዘመድ ነው። መዝሙር ከዚያው ይወጣል። በዕብራይስጥም «ዜሜር»፣ «ዚምራ»፣ «ሚዝሞር» የምንለው ከዚሁ ሥር ነው። ዳዊት በገና ይዞ የዘመረውና አዝማሪው በሠርግ ቤት የሚለው በአንድ ቃል ይጠራሉ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። የእኛ ሰዎች በጎንደርና በአካባቢው ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ ነበሩ። ወለቃ የሚባለው መንደር በሸክላው ይታወቅ ነበር። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ድስቱን ሁሉ ጎረቤት ከእነሱ ይገዛ ነበር፤ ግን በዚያው እጃቸው ምክንያት ይሰደቡ ነበር። ያ ስድብ ምን እንደሚመስል ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ታዲያ በእጁ ሙያ ምክንያት የተናቀ ሕዝብ ሌላውን በጣቱ ሙያ ሲንቅ ሳይ ይገርመኛል። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። ሸክላ የምትሠራ ሴት ጭቃውን ስታሽ ስንት ውኃ እንደሚበቃ የምታውቀው በጣቷ ነው፤ አትለካም፣ አትጽፍም። ግን ማንም ሰው «እሷ ሙያ የላትም፣ ስሜት ብቻ ነው ያላት» አይልም። ማሲንቆም እንደዚሁ ነው።

በጎንደር አካባቢ አዝማሪነት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድባቸው መንደሮች አሉ። ልጁ ትንሽ ማሲንቆ ይዞ ከትላልቆች ጋር ይሄዳል፣ ያያል፣ ይሰማል። አዝማሪዎች ለራሳቸው ብቻ የሚገባ የሙያ ቋንቋም አላቸው። ይህ ሁሉ ትምህርት ነው፤ ክፍልና ደወል የለውም እንጂ።

ተቀበል!

የአዝማሪ ትልቁ ፈጠራ ከዜማው ይልቅ በግጥሙ ላይ ይታያል። ዜማው የታወቀ ነው፤ ትዝታን ማንም ያውቀዋል። አዲሱ ነገር እዚያው ቤት ውስጥ፣ ስለዚያ ሰው፣ በዚያች ደቂቃ የሚፈጠረው ግጥም ነው። አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማው ውስጥ ያስገባዋል፤ ከዚያ የራሱን ይመልሳል። ስንኙ ቤት መምታት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ስድስት ስድስት ሆኖ በሁለት ይከፈላል፤ በላዩ ላይ ሰምና ወርቅ ካለበት ይበልጥ ያምራል።

ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ እኔም አንድ ሞከርኩ። በአማርኛ «ጋት» የአራት ጣት ስፋት እንደሆነ ከመምህራችን ተማርኩ። የከተማችን ስም ደግሞ ጋት ነው። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ሥራ ቢወስደኝም ሰሜን ደቡብ ብዬ፣
ካንቺ ጋት አልርቅም ቤቴን አንቺን ጥዬ።

ሰሙ ለሴት የተባለ ነው፤ «ካንቺ የአራት ጣት ያህል እንኳን አልርቅም» ማለት ነው። ወርቁ ለከተማችን ነው፤ «ጋት ሆይ፣ ካንቺ አልርቅም»። አዝማሪ ቢሰማው ይስቅብኝ ይሆናል። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ እኔ ለነዚህ ሁለት ስንኞች ወረቀትና እርሳስ ይዤ አንድ ሙሉ ማታ ተቀምጫለሁ። አዝማሪ ግን ማሲንቆውን ሳያቆም፣ ሰው እየሳቀና እየጨፈረ፣ በጥቂት ትንፋሽ ይጨርሰዋል። እንደዚያ ነጻ ሆኖ እንዲፈጥር ያደረገው ጣቱ ብቻውን መሥራት መቻሉ ነው። ስለ ጣቱ የሚያስብ ሰው ስለ ግጥም ማሰብ አይችልም። ለዚህ ነው ሙያ ለፈጠራ ጠላት ነው የሚለውን የማልቀበለው።

የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። ሠርግ ላይ አዝማሪው ወርቁን ሲጥል ትላልቆች ወዲያው ይስቃሉ፤ እኛ ልጆች ደግሞ «ምን አለ? ምን አለ?» እያልን እንጠይቃለን። ሲተረጎምልን ወርቁ ይጠፋል፤ ሰሙ ብቻ ይቀራል። እኛ የምንሰማው ምቱን ነው፤ ትከሻችን እስክስታውን ያውቀዋል፣ ጆሮአችን ግን ፈጠራውን አይሰማም። ለመስማትም ሙያ ያስፈልጋል ማለት ነው። ያ ሙያ ደግሞ አማርኛ ነው፤ በኮንሰርቫቶሪዮን አይሰጥም።

ቄሶቻችን

ስለ ጸሎት በአጭሩ ልጻፍ፤ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት ስላሉ። በቤተ እስራኤል ጸሎት ቃሉ በግዕዝ ነው፤ የአገው ቋንቋም አለበት። ቃሉን መለወጥ አይቻልም። ጸሎቶቹን ያቆዩልን መሎክሴዎች እንደነበሩ ይነገራል። ቄስ ለመሆን የሚፈልግ ልጅ ለብዙ ዓመታት ከመምህሩ ጋር ተቀምጦ በቃል ያጠናል፤ ዜማው በምልክት የተጻፈበት መጽሐፍ የለም። አንዱ ቄስ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ በበዓል ነጋሪትና ቃጭል ይጨመራል።

ታዲያ ፈጠራ የት አለ? በ1973 እ.ኤ.አ. ኬይ ሸለሜይ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ወደ ኢትዮጵያ ሄዳ በአምቦበር የቄሶችን ጸሎት በቴፕ ቀዳች፤ በ1986 መጽሐፍ አወጣች። በእስራኤልም ሲምሓ አሮምና ኦሊቪየ ቱርኒ የሚባሉ ተመራማሪዎች የቄሶቻችንን ዜማ አጥንተዋል። ቄሶች አብረው ሲያዜሙ አንድ ዜማ ነው የሚሉት፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በራሱ ጉሮሮ ትንሽ ያጥፈዋል፣ ያስረዝመዋል፣ ያወዛውዘዋል። ድምፆቹ አንድ ላይ ይሄዳሉ እንጂ አንድ አይሆኑም። በሲግድ ቀን በኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ ቆማችሁ ስትሰሙ ይህን ልብ በሉ። ለጀማሪ ጆሮ የተዘበራረቀ ይመስላል። ግን ቄሶቹ አብረው ይጀምራሉ፣ አብረው ያቆማሉ፤ መሪ በዱላ ሳያመለክታቸው።

ከኢየሩሳሌም የሄደው ባንድ

የአውሮፓ ኖታ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ከኢየሩሳሌም በኩል መሄዱ ለእኔ አዲስ ነበር። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። 40ውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ ወሰዷቸው፤ እስከ ዛሬ «አርባ ልጆች» ይባላሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1930 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ላይ የተሰማውን የኢትዮጵያ መዝሙር ዜማ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ሳክስፎንና መለከት የኢትዮጵያውያን ሆኑ። ጌታቸው መኩሪያን (1935–2016) ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ክራርና ማሲንቆ የሚጫወት ልጅ ነበር፤ በኋላ ሳክስፎን ያዘ። የእሱ ፈጠራ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ማምጣቱ ነው። ሽለላ ጀግና ጦሩን ይዞ የሚጮኸው ነው እንጂ የሳክስፎን ዜማ አልነበረም። ጌታቸው ያንን የጉሮሮ መንቀጥቀጥ በትንፋሽ አወጣው። ለዚህ ሁለት ሙያ ያስፈልጋል፤ ሳክስፎኑን ማወቅና ሽለላውን ማወቅ። አንዱ ብቻ ቢኖረው ኖሮ ወይ ተራ የባንድ ተጫዋች፣ ወይ ጥሩ ሸላይ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ በ1943 ጅማ ተወለደ። ኢንጂነር እንዲሆን ወደ ዌልስ ተላከ፤ እሱ ግን ሙዚቃ ተማረ (ወላጆች ሆይ፣ ይህን ልብ በሉልኝ)። በቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ነበር። የገጠመው ችግር የሚገባን ቅድም ያየነውን አንቺሆዬን ስናስታውስ ነው። በፒያኖ ዶ ላይ የተለመደው አኮርድ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ነው። በአንቺሆዬ ግን ሚም ሶልም የሉም! ያንን አኮርድ ከዜማው ሥር ካስቀመጥን ሁለት እንግዶች ይገባሉ፤ አንቺሆዬም አንቺሆዬ መሆኑ ይቀራል። በትዝታ ሦስቱም ድምፆች ስላሉ ችግሩ አይታይም። ስለዚህ ቅኝቱን ሳያበላሹ ጃዝ ለመጫወት እያንዳንዱን ቅኝት ለብቻው ማጥናት ያስፈልጋል። ኢትዮ ጃዝ የመጣው ከዚህ ዓይነት ሥራ ነው። በእስራኤልም በ1999 የመጣው ሳክስፎን ተጫዋች አባተ በሪሁን ከፒያኖ ተጫዋቹ ይጽሐቅ የዲድ ጋር «ራስ ደጀን» በሚል ስም አብሮ ሲጫወት ከዚሁ ጥያቄ ጋር ታግሏል።

ኖታው ምን ያጣል?

በመጨረሻ ስለ አንዲት የኢየሩሳሌም ሴት ልጻፍ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የክርስቲያን መነኩሴ ነበሩ፤ ሃይማኖታቸው ከእኛ ይለያል፤ ግን ጎረቤታችን ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ከቂርያት ጋት ኢየሩሳሌም የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ናት። በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው የጎንደር ከንቲባ የነበሩት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተማሩ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ መምህር ዘንድ ቫዮሊንና ፒያኖ በቀን እስከ 9 ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ከዚያ ወደ ለንደን ሄደው ለመማር ዕድል ቢያገኙም ሳይፈቀድላቸው ቀረ። በጣም አዘኑ፤ ሙዚቃውን ትተው ወደ ግሸን ማርያም ገቡና መነኮሱ፤ ለዓመታት በባዶ እግራቸው ሄዱ።

ወደ ፒያኖው ሲመለሱ የተጫወቱት የአውሮፓን ሥራ ብቻ አልነበረም። የራሳቸውን ደረሱ። በ1967 በጀርመን የመጀመሪያውን ሸክላ አስቀረጹ፤ ገቢው ለወላጅ አልባ ልጆች ነበር። ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም ኖሩ፤ በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው እዚያው አረፉ። ሙዚቃቸውን ስትሰሙ ግራ እጃቸው እንደ ሾፐን ይሄዳል፤ ቀኝ እጃቸው ግን በቅኝት ያዜማል። ምቱን አይጠብቁም፤ ሰው ሲናገር እንደሚያደርገው አንዱን ቃል ያስረዝማሉ፣ ሌላውን ያፈጥናሉ። ያ የ9 ሰዓት ልምምድ አልጠፋም፤ ግን አይጮህም።

በ2013 ፒያኖ ተጫዋቿ ማያ ዱኒየጽ በረዳችበት ሥራ የእማሆይ ኖታዎች በኢየሩሳሌም ታትመው ወጡ። ፒያኖ የምትማር የክፍላችን ልጅ ከኖታው አንድ ቁራጭ ተጫወተችልን። ድምፆቹ ሁሉ ትክክል ነበሩ፤ ግን እንደ እማሆይ አልሆነም። ከዚያ ቀረጻውን ሁለት ሳምንት ሰማች፣ ኖታውንም ሳትተው እንደገና ተጫወተች። በዚህ ጊዜ ለየት አለ። ከእማሆይም ለየት አለ፤ የእሷ ሆነ።

እኛም በክፍላችን አንድ ሥራ ጀምረናል። የአንድ ጎረቤታችንን የማሲንቆ ትዝታ በስልክ ቀድተን ሦስት ተማሪዎች ለየብቻ በኖታ ጻፍነው። አምስቱን ድምፆች ሦስታችንም አንድ ዓይነት ጻፍን፤ ርዝመታቸውን ግን በሦስት ዓይነት። ለጎረቤታችን ሦስቱንም በክላሪኔት ስንጫወትለት «ሦስቱም የእኔ ናቸው፤ ነገ ብትመጡ ደግሞ አራተኛ አለ» አለን። ግጥሙን ግን እስካሁን በትክክል ጽፈን አልጨረስንም፤ ብዙው ቦታ ሰም መሆኑንና ወርቅ መሆኑን አልለየንም።

ስለዚህ የምታውቁትን የሠርግ፣ የለቅሶ፣ የእረኛና የሥራ ዘፈን ግጥም ያላችሁ አባቶችና እናቶች ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍላችን ብትመጡ ደስ ይለናል። እናንተ ግጥሙን ትነግሩናላችሁ፣ ወርቁ የቱ እንደሆነ ታሳዩናላችሁ፤ ዜማውን በኖታ የምንጽፈው እኛ ነን። ማሲንቆ ወይም ዋሽንት ቤቱ ያለው ቢያመጣልን ክሩ የተበጠሰም ቢሆን እንቀበላለን።